ወላጆች ተራ የሚይዙበት ቤት

አሁን የምሠራው ሰቆጣ ከተማ ዳር፣ የውኃ ፓምፕ ላይ ነው። ሞተሩን አስነሣለሁ፣ ዘይቱን አያለሁ፣ ጋኑ ሲሞላ አጠፋለሁ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳልናገር የምውልበት ጊዜ አለ። ከዚህ በፊት የነበረኝ ሥራ ግን ከሰው ጋር ነበር፤ ያውም ከትንንሽ ልጆች ጋር። ያንን ትቼ ስመጣ ብዙ ሰው ምክንያቱን ጠየቀኝ። «እህትህ ሞታ ቦታዋን ሰጥተውህ እንዴት ጥለህ ትመጣለህ?» ያሉኝም አሉ። በአፍ መልስ መስጠት አይሆንልኝም፤ ጀምሬ መሐል ላይ እተወዋለሁ። ስለዚህ ልጽፈው አሰብኩ። መጻፍም ቢሆን አልለመድኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣልኝ የቀረሁ ነኝ።

መንደራችን በጋዝጊብላ በኩል ናት። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ከገደሉ ማዶ ነው። ዜሮ ክፍል እዚያ አለ፤ ነገር ግን የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ያንን ገደል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማታ መልሶ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ የእኛ ልጆች እግራቸው ሲጠና በቀጥታ አንደኛ ክፍል ይገቡ ነበር። እርሳስ ይዘው አያውቁም። ቤታቸው የሚነገረው ኽምጣንጋ ነው፤ መምህሩ የሚያስተምረው በአማርኛ። ገና ዓመቱ ሳይጋመስ ብዙዎቹ ይቀራሉ። እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት እንጂ ልቀር ነበር፤ እህቴ እየጎተተች ወሰደችኝ።

እህቴ አስካለ ትባል ነበር። እኔ የምጠራት እቴ እያልኩ ነው። ሰቆጣ ከተማ በአንድ አፀደ ሕፃናት ረዳት ሆና ሠርታለች። እናታችን ስትሞት ሥራዋን ትታ ወደ መንደር ተመለሰችና እኔን አሳደገችኝ። በኋላ ወላጆቹን ሰበሰበች። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ባዶ የድንጋይ ቤት ነበር፤ ቀበሌው ፈቀደ፤ አባቶች ጣሪያውን ጠገኑ፤ እናቶች ለቀለቁት። የልጆች ቤት ተባለ።

ቤቱ አስተማሪ አልነበረውም። ደንቡ ይሄ ነበር። ልጅ ያለው ሁሉ ተራ ይይዛል። በየቀኑ ሁለት ተረኛ ይመጣል፤ አንዱ ከልጆቹ ጋር ይውላል፣ አንዱ ውኃ ቀድቶ ቅንጬ ያበስላል። እህቴና እኔ ሁልጊዜ እንኖራለን፤ ቀኑ ግን የተረኛው ነው። አንድ ሰው ተራውን ከተወ ሌላውም ይተዋል፣ ቤቱም በወር ውስጥ ይዘጋል እያለች ታስጠነቅቀኝ ነበር። ከበርና ከጣሪያ ይልቅ የምትጠብቀው ይህንን ነው። የምጽፈው ታሪክም ሌላ አይደለም፤ ያ ተራ ሊቋረጥ እንዴት እንደ ደረሰ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አያ ኪሮስ ተነሡ። ንብ አናቢ ናቸው፣ የወላጆቹም ሰብሳቢ ሆነው ተመርጠዋል።

«እኔ ፊደል አላውቅ» አሏት። «ምን ላስተምር ነው የምመጣው?»

«አያ ኪሮስ፣ እርስዎ የሚያውቁት ምንድን ነው?»

«ንብ።»

«እንግዲያው እሱን ይዘው ይምጡ።»

«ልጆቹን በንብ ላስጨርስልሽ?»

«ባዶውን ቀፎ፣ አያ። ንቡ እቤቱ ይቅር።»

ሰው ሁሉ ሣቀ። ተራቸው ሲደርስ ግን አሮጌ ቀፎ ተሸክመው መጡ። ልጆቹ ማን ገብቶ በዚያኛው በኩል መውጣት እንደሚችል ይከራከሩ ጀመር። ተከራክረው ሳያበቁ ራሳቸው በቁመት ተሰለፉ፤ ማንም ተሰለፉ አላላቸውም። ትልቁ ልጅ ትከሻው ላይ ተያዘና አለቀሰ። አያ ኪሮስ እግሩን ይዘው ጎተቱት። ከዚያ ስንጥቁን በእበት እንዴት እንደሚደፍኑት አሳዩዋቸው። እህቴ ጥግ ተቀምጣ ታይ ነበር። መጨረሻ ላይ ብቻ «ቀፎው ለማን ጠበበው? ለማንስ ሰፋው? መጀመሪያ ምን ተደረገ፣ ቀጥሎስ?» ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ትምህርት አልመሰለኝም ነበር።

የእኔ ሥራ ከውጭ ነው የጀመረው። እንጨት መፍለጥ፣ ግቢውን ከድንጋይ ማጽዳት፣ ትንንሾቹን ሽንት ማስኬድ። ከዚያ የአመዱን ሰፌድ ሰጠችኝ። አመድ ነፍቼ ሰፌድ ላይ አነጥፋለሁ፤ ልጁ በጣቱ ፊደል ይጽፍበታል። ሲሳሳት ሰፌዱን ነቅነቅ ሲያደርገው ይጠፋል። ከሀ አንጀምርም። ደስታ የምትባለው ከደ ትጀምራለች፣ ሐብታሙ ከሐ። የራሱን ፊደል ያወቀ ልጅ የጎረቤቱንም ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ መከልከል ነው የሚቸግረው።

ወደ ክፍሉ የገባሁት ዘግይቼ ነው። እህቴ ከልጅ ዝቅ ብላ ነው የምትቀመጥ። በርጩማዋ ከልጆቹ መደብ ያነሰ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ የት እንዳለች ይፈልጋል። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ትከታለች። ብርድ መስሎኝ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«አስሬያቸው ነው» አለችኝ። «ከፈታኋቸው የልጁን ሥራ ይሠሩበታል።»

ልጁ አዝራር መቆለፍ አቅቶት ሲታገል አትነካውም። ሲቆጣ፣ ሲወረውረው፣ መልሶ ሲይዘው ትጠብቃለች። እኔ ያ ጊዜ ይረዝምብኝ ነበር። ልጅ አንድ ነገር ሲነግራት ልክ ነው ወይም ስሕተት ነው አትለውም፤ «አሳየኝ» ነው የምትለው። ወላጆችም ይህን ልማድ ቀስ በቀስ ወረሱት። አንዳንዱ እቤቱም ወስዶታል።

ሐብታሙ የሚባለው ልጅ ሲመጣ የማይቀመጥ ነበር። ድንጋይ ይወረውራል፣ ይነክሳል፣ በር ጥሶ ይወጣል። ሁለት እናቶች ይባረር አሉ። እህቴ «የአባቱን ተራ እንይ» አለች። አባቱ ሲሳይ ገመድ ገማጅ ነው። ቃጫውን ይዞ መጣና ለመግመድ ጫፉን የሚይዝለት ሰው ፈለገ። ሐብታሙ ያዘ። አባቱ ሲያከር ልጁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ካላላው ይፈታል። እስከ ምሳ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ሲሳይ ራሱ ተገርሞ «ይሄ የኔው ነው?» አለ። ከዚያ ወዲህ ሐብታሙ ሥራ ሳይሰጠው በፊት እጁን ይዘረጋል። ቀስ በቀስ መቀመጥም መጣ። ለሥራው ፍቅር ያደረብኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ብዬ አስባለሁ።

አንድ ጊዜ ከወረዳ ባለሙያ መጣ። ጎጃሜ ነው፣ ገና መመደቡ ነበር። «መምህሩ የታል?» አለ። «ዛሬ እሳቸው ናቸው» ብለን ምስር የምታስለቅመውን እናት አሳየነው። ትንሽ ግራ ተጋባ። ቆይቶ ግን ጫማውን አውልቆ መሬት ተቀመጠና ከአንዲት ልጅ ጋር ገበጣ ገጠመ። ልጅቷ ጠጠሩን በዓይኗ እየቆጠረች አሸነፈችው። «ድገሚኝ» አላት። ደገመችው። ሲሄድ ስለ ልጆቻችሁ ለአንደኛ ክፍል መምህራን እነግርላችኋለሁ አለን፤ ነገረልንም። በዚያ ዓመት ጥቂት ባለ ቀለም ሥዕል መጻሕፍት መጡልን። አበል የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ወላጆች በመኸር እህል ያዋጡልን ነበር፣ ይበቃናል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ።

ከእኛ ወጥተው ማዶ የገቡት ልጆች መቁጠር ያውቃሉ፣ ፊደል ይለያሉ፣ ነገር ግን በአማርኛ ሲጠየቁ ያቀረቅራሉ የሚል ወሬ ተመለሰ። ወላጆች አፈሩ። እህቴም ደነገጠች። ስብሰባ ጠርታ፣ ከእንግዲህ ቤቱ ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ይሁን አለች። ራሷ ናት ያለችው። ሁሉም እጁን አወጣ። አማርኛ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ቀድመው ነው ያወጡት፤ ለልጆቻቸው ብለው።

እት ወርቂት ከእነሱ አንዷ ነበሩ። ጥጥ እየፈተሉ በኽምጣንጋ ተረት ያወራሉ፤ የእሳቸው ተራ ሲሆን ልጆቹ ከሌላው ቀን ቀድመው ይመጣሉ። ደንቡ ከወጣ በኋላ መጥተው ተቀመጡ፣ ፈተሉ፣ ዝም ብለው ዋሉ። አንዴ ተረቱን በአማርኛ ሞከሩት። የገዛ ልጃቸው ብርቄ ሣቀች። በሚቀጥለው ተራቸው ትልቋን ልጃቸውን ላኩ። በሚቀጥለው ማንንም አልላኩም። ሌሎች ሦስት አራት እናቶችም እንደዚያው ሆኑ። ልጆቹ ምስሩን ከድሮው ፈጥነው ይለቅማሉ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። እኔ ጥሩ መስሎኝ ነበር።

«አይጣሉም» አለችኝ እህቴ አንድ ቀን።

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«ጠጠሩ የኔ ነው ብሎ የሚከራከር ልጅ የለም። የሚከራከሩበትን አፍ ወስጄባቸዋለሁ።»

ያኔውኑ ወደ እት ወርቂት ቤት ሄድን። በር ላይ ቆመን ነው ያነጋገሩን።

«ተሳስቻለሁ፣ እት ወርቂት። ተራዎን ይያዙልኝ» አለች።

«በየትኛው አፌ?»

«በራስዎ። በኽምጣንጋ ያውሩላቸው።»

«የከለከለችን ማን ነበረች?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ እኔም ራሴን ከልክያለሁ» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ብርቄ ከዚያ በፊት አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረች። በእኛ ቤት መናገር አቆመች፤ በየትኛውም ቋንቋ። ቆይታ መምጣቷንም አቆመች። ጽጽቃ ያለች አክስቷ ወልዳ ስለነበር ሕፃን እንድትይዝ ተላከች። አልተመለሰችም። ትምህርት ቤት መግባቷንም አልሰማሁም። እህቴ ጽጽቃ ድረስ ሄዳ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም። ደንቡ ተሰረዘ። እት ወርቂት ከዓመት በኋላ ትንሹ ልጃቸው ሲደርስ ተመለሱ። ብርቄ ግን እንደ ሄደች ቀረች። እህቴ ይህን ነገር ሰው ሲያነሣ አቋርጣ ሌላ ወሬ አታመጣም፤ ቁጭ ብላ ትሰማለች።

ከዚያ በኋላ አሠራሩን ለወጠች። አንድ ተረት ዛሬ እት ወርቂት በኽምጣንጋ ያወሩታል። በማግስቱ ያንኑ ተረት ሌላ ተረኛ በአማርኛ ያወራዋል። ልጆቹ ነገሩን አስቀድመው ስለሚያውቁት አማርኛው አይጠፋባቸውም። እንዲያውም ተናጋሪውን ያርማሉ፤ «ጅቡ መጀመሪያ አልመጣም፣ ቀበሮዋ ናት» ይላሉ፣ በአማርኛ። ክርክሩ ተመለሰ። ማዶ የገቡትም አንገታቸውን መድፋት ተዉ።

እህቴ በዐቢይ ጾም ታመመች። ሰቆጣ ሆስፒታል ቆየን፣ ተመለስን፣ እንደገና ሄድን። ሐምሌ ላይ ሞተች። ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ ቀበረ፣ ለቅሶ ተቀመጠ፣ በዝናቡ መሐል የእኔን ማሳ አረመልኝ። ስለዚህ ነገር ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መስከረም ላይ ወላጆቹ ተሰብስበው ጠሩኝ። አያ ኪሮስ ናቸው የተናገሩት።

«ሞላ፣ ምትኳ አንተ ነህ። ቤቱን ይዘህ ተቀመጥ። እኛ የሚያስፈልግህን እናቀርባለን።»

እሺ አልኩ። ሥራውን እወደዋለሁ። ሌላም የምሄድበት አልነበረኝም።

ቤቱ ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ተረኛ አልመጣም። በሁለተኛውም። ወላጆች ልጆቻቸውን እስከ በሩ ያደርሳሉ፣ ቆሎና ዳቦ ከሚያስፈልገው በላይ ያኖራሉ፣ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። እኔ ራሴን ተላጭቼ ጥቁር ለብሻለሁ። በር ላይ ልጆቻቸውን ሲመክሩ ይሰማኛል፤ «ሞላ ሐዘን ላይ ነው፣ እንዳትጮሁበት።» ልጆቹ አልጮሁም። ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ ቆይተው እኔ ስወጣ ያቆማሉ። ሐብታሙ ሳይቀር እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ጅቡንና ቀበሮዋን አወራሁላቸው፤ ሆነ ብዬ ጅቡን አስቀደምኩ። ማንም አላረመኝም።

አያ ኪሮስ ቤት ሄድኩ።

«አያ፣ ተራዎን ለምን አይይዙም?»

«እንዴት አድርጌ፣ ልጄ? ሐዘንተኛ ፊት ቀፎ ይዤ ልጅ ላስቅ? ነውር ነው። እሷ ከተቀመጠችበትስ እንዴት እቀመጣለሁ፣ አንተ እያየኸኝ?»

«እኔ አይከፋኝም።»

«ይከፋሃል አላልኩም። አይደረግም ነው ያልኩህ።»

በደግነት ነው። ሁሉም እንደዚያ ነበሩ። ተራው የቆመው ማንም ሰንፎ አልነበረም። እኔን አክብረው ነው። እኔ እዚያ እስካለሁ ድረስ ቤቱ የለቅሶ ቤት ነው። ዓመቱ እስኪሞላ ብጠብቅስ ብዬም አስቤ ነበር። ዓመት ግን ለአምስት ዓመት ልጅ ብዙ ነው፤ በዚያ መሐል ማዶ መሻገሪያቸው ይደርሳል። ወላጆቹም ተራ መያዝን ይረሱታል። ሰቆጣ ወዳለ ዘመዴ ሄጄ ይህን የፓምፕ ሥራ ጠየቅኩ። ተገኘ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ውስጥ ሰበሰብኳቸው።

«ከነገ ጀምሮ እዚህ የለሁም። ሰቆጣ ሥራ አግኝቻለሁ» አልኩ።

«ማን አስቀየመህ?» አሉ አያ ኪሮስ።

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ልጆቹ ዝም ብለዋል። እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ።»

«ጨዋ ሆኑ እንጂ ምን ሆኑ» አለ ሲሳይ።

«ጨዋ አልሆኑም» አሉ እት ወርቂት። «ይሄን ዝምታ እኔ አውቀዋለሁ። በቤቴ ነበር።»

ሲሳይ ቀስ ብሎ «ጥቁሩን አውልቆ ቢቆይስ» አለ።

«ዓመት ሳይሞላ?» አሉ አያ ኪሮስ። «እህቱን እኮ ነው የቀበረ። እናቱም እሷ ነበረች። ሐዘንተኛ አባረሩም ይሉናል፣ ኋላ።»

«አያ፣ ማንም አላባረረኝም። እኔ እሄዳለሁ፣ እናንተ ተራችሁን ትይዛላችሁ። ነገ ተረኛው ማን ነው?»

ተራውን በቃሏ ይዛ የምታስታውሰው እህቴ ነበረች። ሌላው በክረምቱ ረስቶታል።

«ከፋሲካ በኋላ መጨረሻ የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ ሲሳይ። «ስለዚህ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ነው።»

«አንተ መቼ ያዝክ? ቃጫ የለኝም ብለህ ሚስትህን ላክህ» አሉት እት ወርቂት።

«ሚስቴ ከያዘች እኔ ያዝኩ ማለት ነው።»

«እንዲህ ከሆነ ባሌ ሞፈር ሲጠርብ እኔም ጠርቤያለሁ በለኛ።»

«እት ወርቂት፣ እርስዎ ተራዎ ሲደርስ ሁልጊዜ ጥጃ ይጠፋብዎታል።»

«ጥጃዬ በእውነት ነው የሚጠፋ። አያ ኪሮስ ግን ሲመርቁ ነው የሚውሉ። ልጆቹ አሜን ሲሉ ቅንጬው ይበርዳል።»

«ምርቃት ጠላሽ?» አሉ አያ ኪሮስ። «ነገ ቅንጬውን አንቺ አብስይ፣ ከልጆቹ ጋር እኔ እውላለሁ። እናያለን የማን እንደሚበርድ።»

«እሺ። እናያለን።»

ሰው ሣቀ። ሲሳይ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ሞላስ? ሞላ መቼ ነው ተራው?» አለ።

«ልጅ ሳይኖረው ምን ተራ አለው» አሉ እት ወርቂት። «ውለድና ና። እንይዝልሃለን።»

እንደገና ሣቁ። አያ ኪሮስ መጀመሪያ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ እሳቸውም ሣቁ። እህቴ ከሞተች ወዲህ እኔ ፊት የሣቀ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ በልጆቹ ቤት በኩል ያልፋል። ክረምቱ የግድግዳውን ልስን አርግፎት ነበር፤ አያ ኪሮስ ጭቃ አስቦክተው ልጆቹን ያስለስናሉ። ከውጭ ሆኜ ይሰማኛል። አንዱ ይህን ቀዳዳ ያየሁት እኔ ነኝ ይላል፣ ሌላይቱ በኽምጣንጋ ትሰድበዋለች፣ አንድ ሦስተኛ ያለቅሳል። ወደ በሩ ሄድኩ። አያ ኪሮስ እጃቸው እስከ ክርን ጭቃ ሆኖ መጡና በሩ መሐል ቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«አንድ ጊዜ ልያቸውና ልሂድ ብዬ ነው፣ አያ።»

ወደ ውስጥ ዞረው አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ልብሴን።

«አትግባ፣ ልጄ» አሉኝ። «አሁን ገና መጀመራቸው ነው።»

እሺ አልኳቸው። አልገባሁም። ድምፃቸው እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።